ስኳር የማይወዱት በረሮዎች

በረሮው የስኳር ሽሮፑ ጠብታ ጋ ደርሶ ቆመ። አንቴናዎቹን ወደፊት ዘርግቶ ዳበሰ፤ በአፉ ነካ አደረገ። ከዚያ ኮሶ እንደተጋተ ሰው ወደ ኋላ አፈገፈገና የጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ትንሽ ቆይቶ በሌላው ወገን ዞረ፤ የለውዝ ቅቤዋን አገኘና ሰፈረባት። ከእሷ ላይማ ማን ያንሳው።

«አሁንም» አለች ልጅቷ፣ አገጯን ጠረጴዛው ላይ እንዳስደገፈች። ለራሷ ነው ያለችው። ክፍሉ ውስጥ ከበረሮዎቹ በቀር የሚሰማት አልነበረም።

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ክፍሏ ውስጥ «ጭጭ» ይሏታል፤ ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፣ ግን ስሙ በልኳ እንደተሰፋ ልብስ ገጠማትና በዚያው ቀረ። ከአባቷ ጋር የሚኖሩት ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ፣ ምድር ቤት ከደረጃው ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ነው። አባቷ ተባይ አጥፊ ነው። የሕንፃውን ኩሽናዎች ከበረሮ ይጠብቃል፤ ክፍሏንም የሰጡት ለዚሁ ሥራው ሲባል ነው። እናቷ ሌላ ከተማ፣ ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች። የምትመጣው ፈቃድ ስታገኝ ነው፤ ፈቃድ ደግሞ እንደልብ አይገኝም።

በረሮዎቹን ከየኩሽናው ለቅማ ያመጣቻቸው ራሷ ናት። ወጥተው እንዳይሄዱ የጠርሙሱን አፍ ከውስጥ በኩል ቫዝሊን ትቀባዋለች፤ ሲወጡ ያንሸራትታቸውና ይመለሳሉ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ስታስቀምጣቸው ስለ ሳይንስ አስባ አልነበረም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤቱ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር እንዲኖር ፈልጋ ነው። ሌላ ሰው ድመት ያሳድጋል። የተባይ አጥፊ ልጅ ደግሞ ያገኘችውን አሳደገች።

አምና እንዲህ አልነበረም። አምና ቀጮ የምትባል ጓደኛ ነበረቻት። ቀጮ የሦስተኛ ፎቅ ልጅ ናት፤ አንዱን የጆሮ ማዳመጫ ለሁለት ተካፍለው፣ ገመዱ እንዳይነቀል ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ነበር ትምህርት ቤት የሚሄዱት። ዘንድሮ በረሮው ሕንፃው ውስጥ እንደ አዲስ ፈላ። የቀጮ እናት የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፤ «ሰውዬው መድኃኒቱን እያቀጠነ ነው» ማለት ጀመሩ። ቀጮ መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ቀድማ መውጣት አመጣች። ከዚያ ክፍል ውስጥ ወንበር ቀየረች። አልተጣሉም፤ ክፉ ቃልም አልተነጋገሩም። ቢጣሉ ይሻላት ነበር። የተጣላ ሰው ቢያንስ የሚታረቅበት ነገር አለው፤ ይኼ ግን ምን ተብሎ ይታረቃል?

በሩ ተከፈተና አባቷ ገባ። የመርጫውን ታንክ ከጀርባው አውርዶ ደጅ አስቀመጠ፤ እጁን እስከ ክርኑ ድረስ ደጋግሞ በሳሙና አሸ። ይህን ሳያደርግ ልጁን እንኳ አይነካም። ዛሬ ግን አስተጣጠቡ ራሱ ቁጣ ነበረው።

«ቅዳሜ ስብሰባ ጠርተዋል» አለ ጀርባውን እንደሰጣት።

«ስለ ምን?»

«ስለ እኔ ነዋ፣ ስለ ማን ሊሆን ነው። ሌላ ሰው ሊያመጡ ነው። ሌላ ሰው ከመጣ ደግሞ ክፍሉም የእሱ ነው።» ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። «ሰብሳቢዋ በውኃ እያቀጠነ ያታልለናል ብላ አፏን ሞልታ ተናገረችኝ። ደረጃው ላይ፣ ሰው ፊት። እኔ እኮ አንዲት ማንኪያ አጉድዬ አላውቅም።»

እውነቱን ነው፤ ልጅቷ ታውቃለች። የበረሮ ማጥመጃውን የሚሠራው በገዛ እጁ ነው። ስኳሩን ያፈላል፣ ማር እስኪመስል ይጠብቃል፣ ሲቀዘቅዝ የመድኃኒቱን ዱቄት ይለውስበታል። ሥራውን ያስተማሩት ሽማግሌ ያሳዩት አሠራር ነው። አንድም ቀን ቀይሮት አያውቅም፤ ሰው ሲጠይቀውም ደረቱን ነፍቶ የሚናገረው ይህንኑ ነው።

«እንግዲህ ተምረዋል» አለ አልጋው ጫፍ ላይ እየተቀመጠ። «የዛሬዎቹ በረሮዎች ብልጥ ሆነዋል። ድሮ ሳስቀምጥላቸው ተጋፍተው ነበር የሚመጡት። አሁን አጠገቡ ይደርሱና ይመለሳሉ።»

ልጅቷ ጠርሙሷን አየት አደረገች። እሷም ያየችው ይህንኑ ነው። ግን ምን ማለት እንደሆነ ገና አልገባትም ነበርና እንደ ስሟ ጭጭ አለች።

በማግስቱ ባዮሎጂ ነበራቸው።

«ጨለማ መጋዘን ውስጥ አይጦች አሉ እንበል» አሉ መምህርቷ። «አንዳንዶቹ ነጣ ያሉ፣ አንዳንዶቹ ጠቆር ያሉ። አንዲት ድመት መጋዘኑን ቤቷ አደረገችው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ብንመለስ፣ አይጦቹ ሁሉም ማለት ይቻላል ጥቁር ሆነዋል። ለምን?»

«ቲቸር፣ ቸገራቸዋ» አለ አንዱ ከኋላ ወንበር። «እንዳትበላቸው ብለው ራሳቸውን አጠቆሩ።»

«አንተስ ቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ አልገባ ስትል ቸግሮህ አልነበረም? ቁመት ጨመርክ?»

ክፍሉ ሳቀ፤ ልጁም አብሮ ሳቀ።

«የጠቆረ አይጥ የለም» አሉ መምህርቷ። «ጥቁሩ ሲወለድም ጥቁር ነው፤ ድመቷ ሳትመጣ በፊት ጀምሮ። ድመቷ ነጩን ቀድማ አየችው፣ በላችው። የተረፈው ወለደ፤ ልጆቹም እሱን መሰሉ። ልዩነቱ አስቀድሞ በዘራቸው ውስጥ ነበር። ድመቷ ያደረገችው መምረጥ ብቻ ነው፤ እሷም መምረጧን አታውቅም። አንድም አይጥ አልተለወጠም። የተለወጠው ጠቅላላ የአይጡ ሕዝብ ነው። ተፈጥሯዊ ምርጫ የምንለው ይህን ነው።»

ልጅቷ መጻፏን አቆመች። ተምረዋል ነበር ያለው አባቷ። ካልተማሩስ?

ደወሉ ሲደወል ሌላው ተንጋግቶ ወጣ። እሷ ቦርሳዋን አንዴ ስትከፍት አንዴ ስትዘጋ ቆይታ፣ ክፍሉ ባዶ ሲሆን ወደ መምህርቷ ጠረጴዛ ሄደች።

«ቲቸር፣ ድመቷ ድመት ባትሆንስ? መርዝ ብትሆንስ?»

መምህርቷ የሰበሰቡትን መጽሐፍ መልሰው አስቀመጡ። «እስቲ ንገሪኝ።»

ነገረቻቸው። ስለ ሽሮፑ፣ ስለ ለውዝ ቅቤው፣ ስኳር ቀምሰው ስለሚያፈገፍጉት። ይህን ያህል ቃል አከታትላ ከተናገረች ቆይታለች፤ መጨረሻው ላይ ድምጿ ሻከረባት።

«ጥሩ ዓይን አለሽ» አሉ መምህርቷ። «ግን ማወዳደሪያ ከሌለሽ ያየሽው ያው ወሬ ነው። እንዲህ ያለ ማጥመጃ ገብቶ ከማያውቅበት ቤት በረሮ አምጪ። እነዚያ ስኳሩን ከበሉ ያኔ እንነጋገራለን።» ከዚያ እንደማፈር አሉ። «ይቅርታ፣ ስምሽ ማን ነበር?»

ስሟን ነገረቻቸው። ትምህርት ከተጀመረ ወራት አልፎ ነበር።

የትምህርት ቤቱ ካፌ ባለቤት መድኃኒት የሚባል ነገር አያውቁም። «የኔ መድኃኒት ይቺ ናት» ብለው ነጠላ ጫማቸውን አወለቁና አሳዩዋት። በረሮ ልውሰድ ስትላቸው ግን ጤናዋን እንደተጠራጠሩ ያስታውቁ ነበር፤ «ካሻሽ ሁሉንም ውሰጃቸው» አሏት። በእረፍት ሰዓት ከለስላሳ ሳጥኖቹ ጀርባ ተንበርክካ፣ ዳቦ የከተተችበትን ጠርሙስ አጋድማ ስትጠብቅ፣ ቀጮና ሁለት ጓደኞቿ ብስኩት ሊገዙ ገቡ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች አንደኛዋ ጎንበስ ብላ።

መዋሸት ትችል ነበር፤ ግን የሚረባ ውሸት አልመጣላትም። «በረሮ።»

«በናታችሁ ኑ እዩ። የአባቷን ሥራ ከአሁኑ ልትረከብ ነው።»

«ሼም የላትም እኮ» አለች ሌላዋ፤ ሁለቱ ተደጋግፈው ሳቁ።

ቀጮ አልሳቀችም። የብስኩቱን መጠቅለያ አገላብጣ፣ የተጻፈበትን እንደ ፈተና ጥያቄ አተኩራ አነበበችው፤ ከዚያ ሦስቱም ተያይዘው ወጡ። የሁለቱ ሳቅ ከቁብም አይገባ፤ የቀጮ ብስኩት ማንበብ ነው ልጅቷን የጎዳት። ጉንጯን በእጅጌዋ ጠርጋ ጠርሙሱን ከደነች። በረሮዎቹ የሰው ነገር ምን ገዷቸው፤ ዳቦው ላይ ተረባርበዋል።

ቤት ስትገባ ሁለቱን ጠርሙሶች ጎን ለጎን አስቀመጠች። በሁለቱም ውስጥ አንድ አንድ ጠብታ ሽሮፕ። የካፌው በረሮዎች ሽታው ሲደርሳቸው ተግተልትለው መጡና ራስ ለራስ ገጥመው መላስ ጀመሩ። የሕንፃው በረሮዎች አንድም ሳይቀር አፈገፈጉ።

ከሁሉ ያስደነገጧት ግን ትንንሾቹ ነበሩ። ከሳምንታት በፊት አንዷ በረሮ እዚያው ጠርሙሱ ውስጥ ፈልፍላ ነበርና፣ የሰሊጥ ፍሬ የሚያካክሉ ልጆች አሉ። እነሱም ሽሮፑን ነክተው ሸሹ። እነዚህ ከጠርሙሱ ወጥተው አያውቁም። መርዝ አይተው፣ ወንድማቸው ሲሞት አይተው አያውቁም። ማን መክሯቸው ነው? ማንም። ሲወለዱም እንዲሁ ናቸው።

ልጅቷ ለረጅም ጊዜ ተመለከተቻቸው። ሁሉ ተጋፍቶ ወደ ድግሱ ሲሮጥ ዳር የቆሙት ናቸው እንግዲህ የተረፉት። ነገሩ ደስ አላት፤ ክፍል ውስጥ ለብቻዋ የምትቀመጥበት ወንበርም ትዝ አላት። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ያለፈው ሰሞን የለውዝ ቅቤ አልቆባት ጣፋጭ ብስኩት ብቻ ስትጥልላቸው፣ እነዚሁ በረሮዎች ምን ያህል ከስተው እንደነበር አስታወሰች። መርዝ በሌለበት ቤት ስኳር አለመውደድ ያው ረሃብ ነው። ዳር መቆም ሽልማት አያሰጥም፤ እንደ ቤቱ ነው። ይህን ስታስብ ትንሽ ከፋት።

ከዚያ አባቷን አሰበች፤ እሱ ደግሞ የባሰ ነበር። ዝም ብትል አባቷ በሰው ፊት አታላይ ይባላል፣ ለራሱ ግን ንጹሕ ነው። ብትናገር መድኃኒቱን አለማቅጠኑ ይታወቃል፤ ግን ሕንፃውን ስኳር በማይነካ በረሮ የሞላው የገዛ ጥንቃቄው መሆኑን ትነግረዋለች። ሰነፍ ሰው ቢሆን፣ አንድ ቀን ይህን አንድ ቀን ያንን እያደባለቀ ቢያስቀምጥ ኖሮ እዚህ ባልደረሰ። የጎዳው ጉብዝናው ነው። ይህን ለአባት እንዴት ብለው ይናገሩታል? ስብሰባው ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው።

ራት በልተው ሳህኑን ስታነሳ፣ «አባዬ፣ አልተማሩም» አለች።

«እነማን?»

«በረሮዎቹ።» ሁለቱን ጠርሙሶች አቀረበችለትና ሽሮፕ ጠብ አደረገችባቸው። አባቷ መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ። የካፌው በረሮዎች ተጋፍተው ሲመጡ ፊቱ በራ፤ የጠፋ ወዳጁን ያገኘ ይመስል ነበር።

«እንዲህ ነበሩ እኮ» አለ። «ድሮ እንዲህ ነበሩ።»

«ያኔም ስኳር የማይወዱ አንድ ሁለት ሳይኖሩ አይቀሩም። ሲፈጠሩ ጀምሮ። አንተ የሚወዱትን ጨረስካቸው፤ እነዚያ ቀሩ። የወለዱትም እነሱ ናቸው። ልጆቻቸውን እያቸው፣ እዚሁ ነው የተፈለፈሉት።»

አባቷ ትንንሾቹ ከሽሮፑ ሲሸሹ አየ። መነጽሩን አወለቀ፤ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ መልሶ አደረገው።

«እኔ ነኝ ያራባኋቸው እያልሽኝ ነው?»

አይደለህም ማለት ቀላል ነበር። «ስኳሩ ነው» አለች በመጨረሻ። «ሁልጊዜ ስኳር መሆኑ።»

«ሁልጊዜ ስኳር ያደረግኩት እኔ ነኛ።»

አባቷ ተነስቶ ወጣ። የተቀየማት መስሏት ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከበሩ ውጭ ግን የእቃ ማስቀመጫ ሳጥኑ ሲከፈት ሰማች። ጓንቱን አድርጎ፣ በጠርሙስ ክዳን ላይ የለውዝ ቅቤና የመድኃኒቱን ዱቄት ለውሶ ተመለሰ። «ሌላ ጠርሙስ አምጪ» አላት። «ከሕንፃው በረሮዎች የተወሰኑትን ለይልኝ። አንቺ ግን ይህን እንዳትነኪ።»

ጠዋት ስትነሳ አባቷ ጠርሙሱ አጠገብ ተቀምጧል። የሕንፃው በረሮዎች በጀርባቸው ተገልብጠዋል።

«መድኃኒቱ ምንም አልሆነም» አለ። ደስ ያለው አይመስልም ነበር። ቆይቶ፣ «ይህንንስ የማይወድ ይኖራል?» አላት።

«አንድ ሁለት አይጠፉም።»

«እና እነሱ ሊበዙ ነዋ።»

«ለዚህ ነው እየቀያየርክ የምታደርገው። አንድ ነገር ላይ ሳትቆይ።»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ዕድሜውን ሙሉ ባለመቀየሩ ሲኮራ ለኖረ ሰው ይህ ከባድ ነበር፤ ልጅቷም ስላየችው አንገቷን ደፋች።

ቅዳሜ አባቷ ሸሚዙን ተኩሶ ለበሰ። ስብሰባው የሚደረገው ሦስተኛ ፎቅ፣ ቀጮ ቤት ሳሎን ውስጥ ነው። ባዶ እጁን በሩ ላይ ቆመና፣ «እኔ ብናገረው ሰበብ ነው የሚሉኝ» አለ። ነይ አላላትም። ሂጂልኝም አላላትም። እንዲያው የሸሚዙን ቁልፍ ሲነካካ ቆየ።

እሷ ቤት ውስጥ መቅረት ትችላለች። ማንም አይወቅሳትም፤ ጭጭ ከምትባል ልጅ ማን ንግግር ይጠብቃል? ጠርሙሶቹን አየች። ከዚያ ሁለቱን፣ የካፌውንም የሕንፃውንም፣ በሁለት ክንዷ አቀፈቻቸው።

ደረጃው ላይ አባቷ ቆም አለ። «ያራባኋቸው እኔ መሆኔንም ልትነግሪያቸው ነው?»

«ካልነገርኳቸው አይገባቸውም።»

ትንሽ አሰበ። «እንግዲያው ንገሪያቸው። ብቻ እንዳላቀጠንኩ መጀመሪያ።»

«መጀመሪያ» አለችው።

በሩን የከፈተችው ቀጮ ናት። አባቷን ሰላም ብላ አሳለፈችው። ከዚያ ጠርሙሶቹን አየች፤ በሩን እንደያዘች ቆመች። ከልጅቷ ጋር እንዲህ ፊት ለፊት ከተያዩ ወራት ሆኗቸዋል።

«ያ የካፌው ነው?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«አዎ። ይኼ ደግሞ ከእናንተ ኩሽና ነው።»

ቀጮ ሳቋ አመለጣት፤ ቶሎ በእጇ አፈነችው። ከዚያ በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተችው፣ ጠርሙሶቹ እንዳይጋጩም ከመንገዱ ዘወር አለች። ያ እርቅ ይሁን አይሁን ልጅቷ አላወቀችም፤ አሁን የምታስብበት ጊዜም አልነበረም።

ሳሎኑ ሞልቷል። ሰብሳቢዋ ከትልቁ ሶፋ መሃል ተቀምጠዋል፤ አባቷ ግድግዳ ጥግ ቆሟል፣ ተቀመጥ ያለው የለም። ጠርሙሶቹን ሲያዩ ወሬው ሁሉ ቀጥ አለ። አንዲት ሴትዮ እግራቸውን ከወለሉ ላይ አነሱ። ልጅቷ ጠርሙሶቹን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠች። በደረጃው ስትወጣ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ብን ብሎ ጠፋባት። ሁሉም ይጠብቃሉ።

«እትዬ» አለች ወደ ሰብሳቢዋ ዞራ፣ «ትንሽ ስኳር ይሰጡኛል?»